ለትንሿ የእንፋሎት ባቡር ፊሽካው ይቆይላት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ በቆረቆራት በድሬዳዋ፣ በከሰልና በእንፋሎት የምትሄድ ትንሽ ባቡር የሚያድስ ወጣት ማየት ለእኛ ለቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞች ደስታ ነው። በሰፈራችን በከዚራ እንዲህ ያለች ባቡር አለች፤ የሐዲዷ ስፋት 127 ሚሊሜትር፣ ይኸውም የነባሩ የአንድ ሜትር ሐዲድ ስምንተኛ እጅ ገደማ ነው። ባለቤቷ አዲስ የፒስተን ቀለበት፣ ፊሽካና ከናስ የተቶረነሱ መጋጠሚያዎች እያዘጋጀላት ስለሆነ፣ ለእርሱም ለመሰሎቹም ይጠቅማል ያልሁትን እንድታትሙልኝ እጠይቃለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ግን ውሃ ወደ ቦይለሩ (ውሃው ፈልቶ እንፋሎት ወደሚሆንበት ጋን) የሚገባበት መስመር ነው። የከተማችን ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ የትንሿ ባቡር ቀዳዳዎች ደግሞ ከስንደዶ ብዙም ስለማይሰፉ ለመደፈን ጥቂት ይበቃቸዋል። ኖራው የመግቢያ ቫልቩን ኳስ ከመቀመጫው ካነሳው የቦይለሩ ውሃ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ከዚህ የሚከፋው ግን የውሃ ማሳያው መስታወት ቀዳዳ ሲደፈን ነው፤ መስታወቱ የሌለ ውሃ ስለሚያሳይ፣ እርሱን ያመነ ነጂ የእሳት ሳጥኑን ጣሪያ ያለ ውሃ በእሳት ላይ ሊተወው ይችላል። ስለዚህ አዲስ መስታወት የሚገጥም ሰው የላይና የታች ቀዳዳዎቹን አስቀድሞ ይጥረግ፤ ቀዳዳዎቹን እያጠበ የሚያጠራ ማስተንፈሻ ቧንቧም ይጨምርለት። ለቦይለሩም ከተገኘ ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

ናሱን በተመለከተ፣ በውስጡ ያለው ዚንክ በሙቅ ውሃ ቀስ በቀስ እየተሟጠጠ ዕቃውን ተሰባሪ ያደርገዋልና ቦይለሩ ላይ የሚታሰሩት መጋጠሚያዎች ከብሮንዝ ቢሠሩ ይመረጣል። ናስ ለጌጡ ይበቃል።

እሳት ከመለኮሱ በፊት ቦይለሩ አየር ሳይቀርበት በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ በእጅ ፓምፕ ይፈተን። ልማዱ ለአዲስ ቦይለር የሥራ ግፊቱ እጥፍ፣ በሥራ ላይ ለቆየ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ እምብዛም ስለማይታመቅ ብየዳው ቢለቅ ውሃ ከመንጠባጠብ አያልፍም፤ በእንፋሎት ላይ ሳለ ቢለቅ ግን የጋለው ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል። የታመቀ አየርም እንዲሁ ሲለቅ ስለሚፈነዳ፣ በኮምፕሬሰር አየር መፈተን ፈጽሞ አይገባም።

የመፈተሻ ፓምፕና ትክክለኛ የግፊት መለኪያ ለአንድ ወጣት ውድ ስለሆነ፣ በከተማችን ያሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ለዚህ ቢያውሱ መልካም ነው፤ አጠገባቸው ቆሞ የሚያሳይ ጡረተኛ አያጡም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የምድር ባቡር መካኒክ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ