ሚሞሪ ፎርማት አልደረግ ሲል፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ ደንበኞቻችን ወደ ደብረ ማርቆስ ሱቃችን የምትልኩልን ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ «ሚሞሪው ፎርማት አልደረግ አለ»፣ ማለትም ሚሞሪ ካርዱ ያለበትን አጥፍቶ እንደ አዲስ አልዘጋጅ አለ። መንስኤው ግን ብዙ ነው፤ ግማሹን ቤታችሁ ሆናችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ከሁሉ በፊት፣ ኮምፒውተሩ ራሱ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቃችሁ እሺ አትበሉት። ጥያቄው ማንበብ አቃተኝ ማለቱ እንጂ ሚሞሪው ባዶ ነው ማለቱ አይደለም። በተለይ አንድሮይድ ስልክ ላይ እንደ ውስጥ ማከማቻ ተደርጎ የነበረ ሚሞሪ በስልኩ ቁልፍ ስለሚመሰጠር ኮምፒውተር ላይ ሁልጊዜ የተበላሸ ይመስላል። ወደዚያው ስልክ መልሱትና ፋይሉን ከዚያ ገልብጡ።

«ራይት ፕሮቴክትድ» (መጻፍ ተከልክሏል) ካለ አዳፕተሩን፣ ማለትም ትንሹ ሚሞሪ የሚገባበትን ትልቁን ማቀፊያ እዩ። ስሙ የተጻፈበትን ፊት ወደ እናንተ፣ ወርቃማ እግሮቹ ያሉበትን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ስትይዙት በግራ ጎኑ ትንሽ ተንሸራታች ፕላስቲክ አለች። ወደ ላይ ከተገፋች ክፍት፣ ወደ ታች ከወረደች ዝግ ነው። ከውስጥ ከምንም ሽቦ ጋር አትገናኝም፤ ቦታዋን የሚዳስሰው ካርዱ የሚሰካበት ማንበቢያ፣ ካርድ ሪደሩ ነው። ስለዚህ የላላች እንደሆነ ስታስገቡት ብቻ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ወልቃ ከጠፋችም ሪደሩ ዝግ ነው ብሎ ያስባል። ሚሞሪውን ከመወንጀላችሁ በፊት አዳፕተር ቀይሩ። ትንሹ ሚሞሪ ራሱ እንዲህ ያለ መዝጊያ የለውም።

መዝሙርና ዘፈን ለምታስጭኑ፦ ትንንሽ ስፒከሮችና የመኪና ቴፖች አብዛኞቹ የሚያነቡት ፋት32 የተባለውን የፋይል አደራደር ብቻ ነው። 64 ጊጋ ሚሞሪ ግን ከፋብሪካ የሚወጣው ኤክስፋት በተባለው ሌላ አደራደር ነው፤ የብዙ ኮምፒውተሮች የዊንዶውስ ፎርማት መስኮትም ከ32 ጊጋ በላይ ፋት32ን አያቀርብም። ለስፒከር 32 ወይም ከዚያ በታች ግዙ፤ ከዚህ ቀላል መፍትሔ የለም። ለሰርግ ቪዲዮ ግን ኤክስፋት ይሻላል፣ ፋት32 ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይዝምና። ፎርማቱንም ካሜራው ላይ ብታደርጉት እንመርጣለን።

64 ጊጋው 59 ጊጋ ቢል አትደንግጡ፤ ፋብሪካው በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 እያባዛ ስለሚቆጥር ነው። ጥቂት መቶ ሜጋ ብቻ ካሳየ ግን ሚሞሪው ተከፋፍሏል፤ የሚያጠራው ዲስክፓርት (diskpart) የተባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ ፕሮግራም ነው። በአድሚኒስትሬተር (በሙሉ ሥልጣን) ክፈቱና ትእዛዞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፦ «ሊስት ዲስክ» (list disk)፣ ከዚያ «ሰሌክት ዲስክ» (select disk) ከነቁጥሩ፣ ሁሉን የሚያጠፋው «ክሊን» (clean)፣ «ክሪኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ» (create partition primary)፣ በመጨረሻ «ፎርማት ኤፍኤስ=ኤክስፋት ኩዊክ» (format fs=exfat quick)። የሚሞሪውን ቁጥር በመጠኑ ለዩት፤ ለምሳሌ 465 ወይም 931 ጊጋ የሚለው የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው የሚያጠፋው ሚሞሪውን ሳይሆን ኮምፒውተሩን ነው።

ኩዊክ (ፈጣኑ) ፎርማት የፋይሎቹን ማውጫ ብቻ ስለሚያጠፋ በስሕተት ከተደረገና አዲስ ነገር ካልተጫነበት ብዙውን መመለስ ይቻላል። የኩዊክ ምልክቱ ተነሥቶ ከተደረገ ዊንዶውስ ሁሉንም በዜሮ ይሞላዋልና ተስፋ የለውም። ሁለቱንም ላፕቶፕ ላይ ሥሩት፤ ዴስክቶፕ ላይ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ሚሞሪው በግማሽ ይቀራል።

ፎርማቱ «ተጠናቀቀ» ብሎ፣ ነቅላችሁ ስትመልሱት የድሮው ዘፈን እንዳለ ከተገኘ ሚሞሪው አልቋል። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ መጻፊያው ሲያረጅ ራሱን ለንባብ ብቻ ይዘጋል። ያለውን ገልብጡና ሌላ ግዙ፤ ለዚህ ሶፍትዌር ግዙ የሚላችሁን አትስሙ፣ እኛም ብንሆን።

በርካሽ የተገዛ 128 ጊጋ ደግሞ ውስጡ 8 ጊጋ ሊሆን ይችላል። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ልኩን ይነግራችኋል። ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ማታ ብታስጀምሩት ይሻላል።

ወደ እኛ ስትመጡ ሚሞሪውን ብቻ ሳይሆን አዳፕተሩንና ሲሠራበት የነበረውን ስልክ ወይም ካሜራ ይዛችሁ ኑ። ፋይሉ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ገና ስትገቡ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ቤታችሁ፣ ደብረ ማርቆስ