ቢርጊት ፕሪንዝን ዘለላችኋት

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ታላላቅ አጥቂዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ የቢርጊት ፕሪንዝን ስም ፈልጌ አጣሁ። ለጀርመን በ214 ጨዋታዎች 128 ጎል ያስቆጠረች፣ ከ2003 እስከ 2005 በተከታታይ የዓለም ኮከብ የተባለች ሴት እንዴት ትዘለላለች? በ2007 የሴቶች ዓለም ዋንጫ የሻንጋይ ፍጻሜ፣ ከዕረፍት መልስ ብዙም ሳይቆይ ብራዚል ላይ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባችው እርሷ ናት፤ ጀርመንም 2 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ደገመች። የጣሊያኑ ፔሩጃ ለወንዶች ቡድኑ ሊያስፈርማት ሲፈልግ እምቢ ማለቷን ደግሞ ከጎሎቿ እኩል አከብረዋለሁ። ለወሬ ማድመቂያ ተጠባባቂ ወንበር ላይ መቀመጥ አይመጥናትም ነበር። በ2011 አገሯ ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ግን ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቀይራ ወጣች፤ ዳግም አልተሰለፈችም። በዚያው ዓመት ጫማዋን ሰቀለች።

አንባቢያችሁ