ሽቪሉ በደጃችን ያልፋል፣ በራችንን እንክፈት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት የጻፉትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጃቸው ከሠራዊት ወጥቶ ሥራ በመፈለግ ፈንታ ቦርሳ ተሸክሞ ሽቪል እስራኤል በሚባለው መንገድ ሁለት ወር በእግሩ ሊሄድ መነሳቱ አንገብግቧቸዋል። "እኛ በእግራችን የመጣነው ልጆቻችን በእግራቸው እንዳይንከራተቱ ነበር" ብለዋል፤ እኛ ቤተ እስራኤሎች ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የመጣንበትን መንገድ ማለታቸው ነው። በየመንገዱ የማያውቁት ሰው ቤት ገብቶ ማደሩን ደግሞ "ልመና ነው" አሉት። አባቴ፣ ልቃወምዎት አይደለም የምጽፈው። ጭንቀትዎ ይገባኛል። እኔም እንደ እርስዎ ብዬ፣ እንዲያውም ከዚያ የባሰ ተናግሬ፣ ልጄን አስለቅሻታለሁ። ግን ያየሁትን ልንገርዎት።

ልጄ የሄደችው በ2019 ነው። ለማታውቁት፣ ሽቪል እስራኤል ማለት ሰሜን ከሊባኖስ ድንበር አጠገብ ካለው ከኪቡጽ ዳን ተነስቶ ኤይላት፣ ቀይ ባሕር ድረስ የሚወርድ የእግር መንገድ ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ1995 ነው የተከፈተው። ድንጋይ ላይ፣ የዛፍ ግንድ ላይ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ ሦስት መስመር ተቀብቶ ታያላችሁ፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ። ነጩ የሰሜኑ በረዶ፣ ሰማያዊው ባሕሩ፣ ብርቱካናማው በረሃው ነው። እኔ በምኖርበት በነታንያ ከተማ የባሕሩ ዳርቻ ላይም ምልክቱ አለ። ብዙዎቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን የምናልፈው እዚያው አጠገብ ነው።

እሷና ሁለት ጓደኞቿ ከደቡብ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ በረሃው ሳይግል ለማለፍ ብለው ነው። ከኤይላት ሲወጡ ወዲያው ዳገት ነው፣ ባዶ ቀይ ተራራ፣ ጥላ የለም፣ ውሃ የለም፣ ስልኩም አንዳንድ ቦታ አይሠራም። ለቀኑ ብቻ 5 ሊትር ውሃ ትሸከም ነበር። አንዳንዱ መንገደኛ ቀደም ብሎ በመኪና ሄዶ መንገዱ ከአስፋልት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውሃ ይቀብራል፤ ሲደርስ ቆፍሮ ያወጣል፣ ባዶውን ፕላስቲክም ይዞ ይሄዳል። እኔን ግን ከጥማቱ ይልቅ ያስፈራኝ ጎርፉ ነበር። እሷ ከመሄዷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 2018፣ ናሃል ጻፊት ውስጥ ደራሽ ጎርፍ 10 ወጣቶችን ወስዷል። ደረቅ ሸለቆ ውስጥ እየሄዱ ሳለ ነው። ያን ዜና የሰማች እናት እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል?

ሌላም ፍርሃት ነበረኝ፣ እሱን ደፍሬ ልጻፈው። ልጄ ጥቁር ናት። ሲመሽ የማታውቀውን ሰው በር ስታንኳኳ ምን ይሏታል? አልኩ። አንድ ቦታ የፈራሁት ደረሰ። በስልክ ኑ ያላቸው ሰው ሲያያት ቦታ ሞልቷል አለ። አመማት። እኔንም እስካሁን ያመኛል። ግን በሃምሳ ቀን ውስጥ እንዲህ ያለው አንድ ነው። የቀሩትን በሮች ልቆጥርላችሁ ብል ጋዜጣው አይበቃም።

በዓረባ ሸለቆ፣ ሻሐሩት አካባቢ፣ የአንድ ጫማዋ ሶል ተገነጠለ። በገመድ አስራ ሄደች፤ ድንጋዩ ገመዱን በላው። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ የቴምር እርሻ ላይ የሚሠራ አንድ ሰው መኪናውን አቆመ። ወዴት ነው ብሎ እንኳን አልጠየቀም፣ እግሯን ነው ያየው። ቤቱ ወሰዳቸው። ሚስቱ ወደ ጓዳ ገብታ የራሷን ልጅ ጫማ ይዛ መጣች። ቁጥር 38፣ ልክ የልጄ። ክፈሉ የለ፣ መልሱ የለ። ሚጽፔ ራሞንን አልፈው ደግሞ አንድ የበደዊን ሽማግሌ ከንፋሱ ከልሎ እሳት አነደደላቸው፣ ቅጠል የገባበት በጣም ጣፋጭ ሻይ አጠጣቸው። ቋንቋ ብዙም አልተግባቡም። ካርቦሌት የሚባለውን ሸንተረር ሲወጡም ነፍሳቸው ወጥቶ ነበር። ስሙ የአውራ ዶሮ ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ማለት ነው፣ እንደዚያው የተቆራረጠ አለት ነው። ዓራድ ላይ አንዲት ከሩሲያ የመጡ ሴትዮ ልብሳቸውን በሙሉ አጥበው፣ አጥፈው፣ ጠዋት በር ላይ አስቀመጡላቸው።

እነዚህን ሰዎች በዕብራይስጥ ማላኬ ሃሽቪል ይሏቸዋል፣ የመንገዱ መላእክት። ቃሉ የእኛው ነው። መልአክ ማለት የተላከ ማለት አይደል? ስማቸውና ስልካቸው ያለበት ዝርዝር በኢንተርኔት አለ። መንገደኛው ቀደም ብሎ ይደውላል፣ እነሱም ይመቸናል ወይም አይመቸንም ይላሉ። አልጋ የሚሰጥ አለ፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ትከሉ የሚል አለ፣ ሻወርና ሻይ ብቻ የሚል አለ። ብዙዎቹ ገንዘብ አይቀበሉም።

አሁን ልመና ነው ወደሚለው ልምጣ። አባቴ፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በአገራችን መንገድ የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ "ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ" ይላል። ለማኝ አይባልም። ግባ ይባላል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ከየት ነህ የሚባለው ከበላ በኋላ ነው።

እኔ በ1984 የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከብቶቹን ሸጦ፣ ቤቱን እንዳለ ጥሎ፣ ሌሊት ከጎንደር ተነሳን። ቀን ጫካ ተደብቀን፣ ማታ ማታ እየተጓዝን ወደ ሱዳን። መንገድ መሪው ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎን ጠፋ። ሽፍታ ያለንን ወሰደ። ቆላው ላይ ስንደርስ ውሃ ካለቀብን አንድ ቀን ሆኖት ነበር። አያቴ ከወገኗ ውጭ በሌላ ሰው ዕቃ ውሃ ጠጥታ አታውቅም። ቀድሞ እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ፣ የሌላ ሰው እጅ ከነካት ወንዝ ወርዳ ነው የምትታጠበው። እና አንዲት የማናውቃት እስላም ሴት ከጎጆዋ ወጣች። ቅል ሙሉ ውሃ ይዛለች። መጀመሪያ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠችው። ከዚያ ለአያቴ ዘረጋችላት። አያቴ ቅሉን አየችው፣ ሴትዮዋን አየቻት። ከዚያ በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች። ስትጨርስ መረቀቻት። በአማርኛ ነው የመረቀቻት፣ ሴትዮዋ ግን ገብቷታል፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር የምትሰማው። ቅሉ ላይ በቀይ ክር የተሰፋ ስንጥቅ ነበረው። እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ታናሽ ወንድሜ ሱዳን ውስጥ፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር ቀርቷል። በዚያ መንገድና በሱዳን ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚሆን ሰው ቀርቷል ይባላል፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ሄርጽል ተራራ ወጥተን እናስባቸዋለን። እኔ ለወንድሜ ሳለቅስ ያቺን ሴትም አስባታለሁ። ስሟን አላውቅም። ያቺ ሴት ባትወጣ ኖሮ አያቴም እዚያው ነበር የምትቀረው።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያወራነው እሷ ከበረሃው ስትደውል ነው። "እማዬ፣ እናንተ በቀን ስንት ትሄዱ ነበር? ውሃውን ምን ላይ ትይዙ ነበር?" ትለኛለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ የማታውቀውን እግሯ ውሃ ሲቋጥር ጠየቀችኝ።

በ37ኛው ቀን፣ ፋሲካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በባሕሩ ዳር ከደቡብ መጥተው ነታንያ ደረሱ። ወርጄ ጠበቅኋቸው። ከሩቅ አላወቅኋትም። ከስታለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ሦስቱም ያነክሳሉ። ቤት ገብተው ቦርሳቸውን ሲያወርዱ አሸዋው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። እኔ ወጥ ከማውጣቴ በፊት ሳፋ አመጣሁ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ጨው። የልጄን ጓደኛ፣ አሜሪካ የተወለዱ ወላጆች ያሏትን ልጅ፣ እግርሽን ስጪኝ አልኳት። ደነገጠች። "አይ፣ እኔ ራሴ እታጠባለሁ" አለች። ልጄ በዕብራይስጥ "ተያት፣ እኛ ጋ እንዲህ ነው" አለቻት። እኛ ጋ አለች። የጓደኛዋ ተረከዝ ላይ የቋጠረው ውሃ ፈንድቶ ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ቀስ ብዬ በውሃው እያራስኩ አላቀቅኩት። ልጅቷ ዝም ብላ ታለቅሳለች። አመመሽ? ስላት አይደለም አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ከዚያ ሽሮ በእንጀራ በሉ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኙ።

ልጄ ዳን ደርሳ ስትመለስ አንድ ነገር ነገረችኝ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው። በመንገዱ ሁሉ ካደረችባቸው ቤቶች አማርኛ የሚነገርበት የእኔው ብቻ ነበር። ከፋኝ። መንገዱ ነታንያን አቋርጦ፣ በሐዴራ በኩል አልፎ፣ ዓራድን ነክቶ ነው የሚሄደው፤ በእነዚህ ከተሞች ሁሉ እኛ አለን። እንግዳ ተቀባይነት እንዲያስተምሩን የምንጠብቀው ሕዝብ የለም። ታዲያ ለምን ዝርዝሩ ውስጥ የለንም? ዕብራይስጣችን ይሰባበራል ብለን ይሆን? ቤታችን ጠባብ ነው ብለን? ልጆቹ ሳሎን ወለል ላይ ቢተኙ ቤተ መንግሥት ነው የሚሆንላቸው። የሚፈልጉት ሙቅ ውሃ፣ ስልክ የሚቻርጁበት ሶኬትና የሚበላ ነገር ነው።

ጥንቃቄም አለው፣ አልደብቅም። ሻባት የሚያከብር ሰው ዓርብ ከመምሸቱ በፊት ድረሱ ብሎ ቀድሞ ይንገራቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች ሴቶችን ብቻ እቀበላለሁ ብለው ማስጻፍ ይችላሉ፣ ነውር የለውም። ከአንድ ሌሊት በላይ አልችልም ማለትም ይቻላል። ማስመዝገቡ ለከበዳችሁ፣ ከልጆቻችሁ አንዱ በስልኩ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም።

ለአባትየው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ልጅዎ ገና አልተነሳ ከሆነ አይከልክሉት። ከሱዳኑ መንገድ የሚያስታውሱትን ይንገሩት፣ በተለይ ውሃ የሰጣችሁ ሰው ካለ። ከደቡብ ከተነሳም ወደ ነታንያ ሲቃረብ አንድ ቀን ቀድሞ ይደውልልኝ። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ፣ ለእርስዎ እንዲሰጡ ፈቅጃለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለም። ዓርብ ከደረሰ ዳቦው ትኩስ ነው።

አንዲት እናት፣ ከነታንያ