ድጋሚ ያየኋቸው ፊልሞች

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ደብዳቤሽ ይህን ያህል ጊዜ ያለ መልስ መቀመጡ አግባብ አልነበረም፤ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። ሰሞኑን የታየ ደህና ፊልም ካለ እንድጽፍልሽ ጠይቀሽኝ ነበር። የተጠራቀመውን ሁሉ አንድ ላይ እነግርሻለሁና ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

አብዛኞቹ አዲስ አይደሉም። አንድን ፊልም መጀመሪያ ስናይ የምንሮጠው ወደ መጨረሻው ነው፤ ማን ሞተ፣ ማን ዳነ፣ ፍርዱ ምን ሆነ። መጨረሻው ከታወቀ በኋላ ግን ዓይን ጊዜ ያገኛል። ካሜራው የት ነው የቆመው? ለምን እዚያ? ያ ድምፅ ከየት መጣ? አንዳንዱ ፊልም ይህ ሲጠየቅ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ገና ያኔ ይከፈታል። የምጽፍልሽ ስለ ተከፈቱት ነው።

ከ«አሥራ ሁለቱ የተቆጡ ሰዎች» ልጀምር። ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው፣ ጥቁርና ነጭ፣ 96 ደቂቃ። አባቱን በጩቤ ገደለ በተባለ ልጅ ላይ እንዲወስኑ አሥራ ሁለት የጁሪ አባላት፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ ለፍርድ የተመረጡ ሰዎች፣ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ክፍል ይዘጋባቸዋል። አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ሲሉ አንዱ ብቻ እስቲ እንነጋገርበት ይላል። መጀመሪያ ስታዪው ክርክሩ ይዞሽ ይሄዳል። በሁለተኛው ግን ንግግሩን ትተሽ ጣሪያውን ተመልከቺ። በፊልሙ የመጀመሪያ ሲሶ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ቁልቁል ያያቸዋል፤ ጣሪያ የሚባል ነገር አይታይም። መሐል ላይ ከዓይናቸው እኩል ይሆናል። በመጨረሻው ሲሶ ዝቅ ብሎ ሽቅብ ሲያያቸው ጣሪያው ከራሳቸው በላይ ተጭኖ ይመጣል። ሌንሱም አብሮ ይቀየራል፤ በሰፊው ከሚያሳይ ሌንስ ተነስቶ ወደ ረጅሙ ይሄዳል። ረጅም ሌንስ ከጀርባ ያለውን ግድግዳ ወደ ሰው ያስጠጋዋልና ክፍሉ አንድ ስንዝር ሳይነካ የጠበበ ይመስላል። ላብ የሚያስጠምቀው ሙቀቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በስተመጨረሻ ሰዎቹ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሲወጡ ካሜራው ከፍ ብሎ በሰፊው ሌንስ ያሳያቸዋል፤ አንቺም አብረሽ ትተነፍሻለሽ።

በዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ቬንትሌተር አለ። መጀመሪያ ላይ ይሞክሩታል፤ አይሠራም። ድምፁ ስድስት ለስድስት በተከፈለበት ሰዓት አካባቢ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ሲወርድ መብራት ይበራል፤ ያን ጊዜ ቬንትሌተሩም መዞር ይጀምራል። ለካ ከመብራቱ ጋር በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ የተያያዘ ኖሯል። ማንም ስለዚህ ብዙ አያወራም፤ ነፋሱ ብቻ ይገባል። እኔ ከፊልሙ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። አንድ ጉድለት ግን አለበት። ያ ብቻውን የቆመው ሰው እንዳደረገው ከተማ ወጥቶ ተመሳሳይ ጩቤ ገዝቶ ማምጣት ለጁሪ አባል አይፈቀድም፤ ማስረጃ የሚቀርበው ችሎት ላይ ነው። ፊልሙ ይህን ሊያሳልፈው የቻለው ጩቤው ጠረጴዛው ላይ ሲሰካ ሁላችንም ስለምንደነግጥ ነው።

ቀጥሎ «ሰባቱ ሳሙራይ»። አኪራ ኩሮሳዋ፣ 1954፣ 207 ደቂቃ። ርዝመቱን ሰምተሽ አትሽሺ፤ ከዚህ ፊልም የሚቆረጥ የለም። ሽፍቶች አዝመራ ሲደርስ የሚዘርፉት መንደር ሰባት ተዋጊዎችን በሩዝ ይቀጥራል። በድጋሚ ሲታይ የሚገርመው ዕቅዱ ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ ነው። የመንደሩ ካርታ አለ፤ በአንድ ወገን ውኃ ይለቀቃል፣ በሌላው አጥር ይታጠራል፣ አንድ መግቢያ ሆነ ተብሎ ክፍት ይተዋል። ፈረሰኛ በዚያ ሲገባ አንድ ወይም ሁለቱን አስገብተው በጦር ይዘጉታል፤ የገባውን መንደርተኛው ይከበዋል። ሽፍቶቹ ወረቀት ላይ በክብ ተስለዋል፤ አንዱ በሞተ ቁጥር አንድ ክብ ይሰረዛል። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ጭቃና ዝናብ መካከል ስንት እንደቀረ አንቺም ታውቂያለሽ። የዛሬዎቹ የጦርነት ፊልሞች ይህን ስለማያደርጉ ነው ውጊያቸው የሚያደክመው፤ ማን የት እንዳለ ሳናውቅ እንዴት እንፈራለት? የመጨረሻውን ውጊያ ኩሮሳዋ በአንድ ጊዜ በብዙ ካሜራ ነው የቀረጸው፤ ፈረስና ጭቃ «እስቲ እንደገና» ቢባል ሁለተኛ እንደዚያው አይሆንምና። ደግሞ ልብ በይ፤ ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ፣ አራቱም የሚወድቁት በጠመንጃ ነው። በጎራዴ የተሸነፈ የለም።

ይህን ፊልም ከማየትሽ በፊት ግን ቴሌቪዥንሽን አስተካክይ። የድሮ ፊልም ወርዱ ከቁመቱ የሚበልጠው በሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ የዛሬ ቴሌቪዥን ደግሞ ሰፊ ነው። ቴሌቪዥኑ ቦታውን ልሙላ ብሎ ምስሉን ሲለጥጠው የሰው ፊት በሲሶ ይሰፋል፤ ቀጭኑ ጎራዴኛ ደንዳና ይሆናል። ሳይለጥጥ «ዙም» ካደረገው ደግሞ ከላይና ከታች በድምሩ ሩቡን ይቆርጠዋል፤ እግርና ጭቃው ይጠፋል። በግራና በቀኝ ጥቁር ክፍተት ሲኖር ነው ትክክለኛው፤ አትንኪው። ሌላው የእንቅስቃሴ ማለስለሻው ነው። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው፤ ቴሌቪዥኑ በመሐላቸው ከራሱ የፈጠራቸውን ምስሎች እየጨመረ ሁሉንም የስቱዲዮ ድራማ ያስመስለዋል። ሳምሰንግ ላይ «ፒክቸር ክላሪቲ» (በቀድሞዎቹ «አውቶ ሞሽን ፕላስ»)፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል፤ የሥዕል ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አጥፊው። «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል ካለው እሱን ምረጪ፤ ሁለቱንም ችግር ባንዴ ይፈታል።

ሰብታይትሉ፣ ያ ከሥር የሚታየው የትርጉም ጽሑፍ፣ ከንግግሩ ጋር አልሄድ ብሎሽ ስንት ፊልም እንደተውሽ አውቃለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ምን ዓይነት ችግር እንደሆነ ለዪ። በላፕቶፕ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ የምታዪ ከሆነ የ«ጂ» ፊደል ጽሑፉን ያስቀድመዋል፣ የ«ኤች» ፊደል ያዘገየዋል፤ በአንድ ነካ 50 ሚሊሴኮንድ ነው፣ ሃያ ጊዜ ብትነኪ አንድ ሴኮንድ። የመጀመሪያውን ንግግር አስተካክለሽ ወደ አንድ ሰዓቱ ዝለዪ። እዚያም ልክ ከሆነ ጨርሰሻል። እዚያ በሁለት ደቂቃ ከምናምን ከቀደመ ግን ጽሑፉ የተሠራው በሴኮንድ 25 ምስል ለሚሄደው የአውሮፓ ቴሌቪዥን ቅጂ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይቀድማል። ያን ጊዜ ፊደል መነካካቱ አይረዳም። «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከ25 ወደ 24 ቀይሪው፤ ወይም ለያዝሽው ቅጂ የተሠራውን ፈልጊ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት» ይጎተታል፣ እንቅልፍ ያመጣል ብለሽኝ ነበር። በዚህ አልስማማም፤ እባክሽ እንደገና እዪው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በወደቀበት ዓመት፣ በ16 ሚሊሜትር ካሜራ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው ነው፤ 150 ደቂቃ። በባለርስት መሬት ላይ ጭሰኛ የሆነ ቤተሰብ ነው ታሪኩ። ፊልሙ ዝግ የሚለው ሥራው ዝግ ስለሚል ነው። በሬ ማውጣት፣ ቀንበር መጫን፣ ማረስ፣ ውኃ መቅዳት፤ ይህ ተቆርጦ ቢያጥር ድካሙም አብሮ ይቆረጥ ነበር። በዚህኛው እይታ ወንበሩን ተከታተይ። ባለርስቱ ደጁ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከዚያው ሆኖ ነው የሚጮኸው፤ የሚሠሩት ሰዎች ከርቀት ትንንሽ ሆነው ይታያሉ፣ ድምፁ ግን ሜዳውን ተሻግሮ ጆሮአቸው ሥር ይደርሳል። ስድቡ ከሰውየው ይልቅ ከአየሩ የሚመጣ ይመስላል። ከብት ልትመልስ ገብታ ወንዝ የወሰዳትን ልጅ ታሪክም ልብ በይ። ፊልሙ በሙዚቃ አያስለቅስሽም፤ ሥራው ከማግሥቱ ይቀጥላል፣ ልብ የሚሰብረው እሱ ነው። ከበበ የሚባለው፣ «እብድ» የሚሉት የጦር አርበኛ በመጨረሻ የሚያደርገው በመጀመሪያው እይታ ድንገት የመጣ ይመስላል። በሁለተኛው ግን ገና ከአፉ በሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ውስጥ ታገኚዋለሽ። በሰባቱ ሳሙራይ መንደር አዳኝ በሩዝ ይቀጠራል፤ እዚህ የሚቀጠር አዳኝ የለም። ሁለቱን በተከታታይ ሳምንት ብታዪያቸው ይህ ልዩነት ብቻውን ብዙ ይነግርሻል። ጣሊያን አገር ቦሎኛ ከተማ የታደሰውን ቅጂ ፈልጊ፤ በዩቲዩብ የሚዞረው ደብዛዛ ቅጂ ጥቁሩን ሁሉ ስለበላው የሰዎቹ ፊት አይታይም።

የዚሁ ሰው «ጤዛ» ደግሞ በቀለም ነው፤ 2008፣ 140 ደቂቃ። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በዋጋዱጉ ከተማ በሚካሄደው የፌስፓኮ ፌስቲቫል ትልቁን የየነንጋ ወርቃማ ፈረስ ያገኘው። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ኖሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። እግሩን እንዴት እንዳጣ ራሱም አያስታውስም፤ ፊልሙ ያንን ቁርጥራጭ እየጣለ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው፤ ዘመኑ ተደበላለቀብን ይላል። ዘዴው አንድ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ተዪና ብርሃኑን ተከተዪ። የልጅነቱ፣ የጀርመኑ፣ የመንደሩ ብርሃን አንድ አይደለም። አንዴ ከለየሽው ወዲያ አትጠፊም።

መጨረሻውን ካወቅሽ በኋላ ደግሞ ዓይንሽን ከአንበርብር ላይ አንስተሽ እናቱ ላይ አድርጊው። ልጇ የተማረ ሆኖ ሊመጣ ስትጠብቅ ጎዶሎ ሆኖ መጣ፤ መንደሩ ይጠይቃል፣ እሷ ግን አትጠይቀውም። ዝም ብላ ዙሪያውን ትሠራለች። የመንደሩን ልጆች ለጦርነት ሊያፍሱ ወታደሮች ሲሮጡም ካሜራው ከሯጮቹ ጋር ሮጦ ሮጦ ተመልሶ የእናቶቹ ፊት ላይ ያርፋል። ለእኔ የፊልሙ ልብ ያ ነው፤ የምሁራኑ ክርክር ግን አንዳንድ ቦታ ስብሰባ ይመስላል፣ ያንን አልክድሽም። ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አይየር የሠሩትን ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው፤ የቴሌቪዥን ስፒከር ዝቅ ያለውን ድምፅ ስለማያወጣ ግማሹ ያመልጥሻል።

ሁለት ደግሞ ባጭሩ። «ድፍረት» 2014 ላይ በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው። ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ የምትቆምላት ጠበቃ ታሪክ። ርዕሱ ራሱ ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ጀግንነቱም ጥቃቱም በአንድ ቃል። የችሎቱ ክፍል ደህና ነው፣ ግን እንደ ሌሎች የፍርድ ቤት ፊልሞች ይሄዳል። የሚበልጠው ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የሚመክሩበት ትዕይንት ነው። ማንም ክፉ ሆኖ አይቀርብም፤ እያንዳንዱ በሥርዓት፣ በተራው፣ በጨዋ አነጋገር ይናገራል፣ ልጅቷ ግን እዚያ የለችም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (2015) በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅና ቹኒ የምትባል በጉ። አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ሲል ልጁ ሳምቡሳ እየሠራ በመሸጥ ሊያድናት ይጥራል። ወንድ ልጅ ማጀት መግባቱ የሚያስነሳው ቁጣ ከበጓ ታሪክ በላይ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከልጆቹ ጋር እዪው፤ ተራራው ብቻውን ይበቃል፣ ስለ በጓ ግን አስቀድመሽ ምንም አትንገሪያቸው።

መጀመሪያ «ጤዛ»ን እዪና እናቲቱ ልጇን በመጀመሪያው ምሽት እንዴት እንደምታየው ጻፊልኝ። እኔ በዚያ እይታ ውስጥ ቁጣም ያለ ይመስለኛል፤ አንቺ ሐዘን ብቻ ነው ብለሽ እንደምትከራከሪኝ እጠብቃለሁ። ሰብታይትሉም አስቸግሮ ከቀጠለ የትኛው ደቂቃ ላይ በስንት ሴኮንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ ላኪልኝ፤ አስተካክዬ እመልስልሻለሁ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በዪልኝ።

ወዳጅሽ