ዋጋ እንዳትከራከሪ

ሚሚዬ፣

ትናንት እናትሽ ስልኩን ዘግታ እየሳቀች መጣች። እዚያ ህንድ፣ ከአሻንጉሊት ሠሪዎቹ አገር ከኮንዳፓሊ፣ አርባ የእንጨት አሻንጉሊት በግማሽ ዋጋ አስወርደሽ ለገና ባዛር ልታመጪ ነው አሉ። እሷ «ልጄ ነጋዴ ወጣች» እያለች ትኩራራለች። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዋጋ እንዳትከራከሪ።

«እንጨት እኮ ነው» ብለሻታል። እንጨቱ ተላ ፖኒኪ ይባላል፤ ከዚያው ተራራ ጫካ የሚመጣ ነው፣ እንደ ድሮው እንደ ልብ አይገኝም። እርጥበቱ እንዲወጣ እሳት ላይ ይሞቃል። እጁ ለብቻ፣ እግሩ ለብቻ ይጠረብና የሁመር ፍሬ ከሰጋቱራ ጋር ተቦክቶ በሚሠራ ማጣበቂያ ይገጣጠማል። ከዚያ ነጭ ይቀባል፣ ይደርቃል፤ ቀለሙ በፍየል ፀጉር ብሩሽ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሠሪዎቹ፣ አያቶቻችን ከአራት መቶ ዓመት በፊት ከዚያው ህንድ፣ ከራጃስታን ይዘውት የመጡት ሙያ ነው ይላሉ። አንቺ በግማሽ ዋጋ ትያለሽ!

ሳሎን ብፌው ላይ ያለውን አያ ጨለማን ታስታውሺዋለሽ፤ ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። ዘንባባ ላይ የሚወጣው ሰውዬ። «አባዬ፣ ለምን ዓይን የለውም?» ስትዪኝ ፋብሪካ ረስቶት ነው እልሽ ነበር። ፋብሪካ የሚባል ነገር የለም። በ1995 ዓ.ም. ለማስተርስ ህንድ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ኮንዳፓሊ ሄድን። የሚሸጠው ሰውየ 150 ሩፒ አለ፤ እኔ ስልሳ። ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ወጣሁ። ጓደኞቼ ይስቃሉ፣ እኔም የጀግና ያህል ተሰምቶኛል። ሚስቱ መሬት ተቀምጣ ያንኑ አሻንጉሊት ትቀባ ነበር፤ ፊቱ ላይ ደርሳለች። በሰባ ተስማማን። ሰውየው ከእጇ ወሰደና በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። ምንም አላለችም። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ሌላ አሻንጉሊት አነሳች።

ሆስቴል ደርሼ ስፈታው ነው ያወቅሁት። ልመለስ እችል ነበር፤ አውቶቡሱ ርካሽ ነበር። ፈተና ደርሷል ብዬ ቀረሁ። ፈተናው ያለፈው በወሩ ነው።

ስለዚህ የኔ ማር፣ ዋጋ እንዳትከራከሪ። የመከር በዓላቸው ሳንክራንቲ እየደረሰ ነው፣ ቤት ለቤት አሻንጉሊት በደረጃ የሚደረድሩበት፤ የሚሸጡበት ሰሞን ነው፣ ጥድፊያ አትሁኚባቸው። አርባ ካልቻልሽ አሥር ግዢ። ገንዘብ ከጎደለሽ ለእኔ ደውዪ፣ ለእናትሽ አይደለም።

ሌላው፦ ቪዛሽን ቀኑ ሳያልፍ አሳድሺ። ትኩሳት ከተሰማሽ በዚያው ቀን ተመርመሪ፣ «ድካም ነው» የሚባል ነገር አልፈልግም። አሻንጉሊቶቹን ሻንጣ ውስጥ እንዳትጥያቸው፣ ከመገጣጠሚያቸው ይላቀቃሉ፤ በነጠላሽ ጠቅልለሽ በእጅሽ ያዢ። ውሃ አይንካቸው። ደረሰኝ አትርሺ፣ ጉምሩክ ይጠይቃል።

ዝሆኑን፣ አምባሪ የሚሉት መቀመጫ የተጫነበትን፣ ለእኔ አስቀሪልኝ። የተባለውን ዋጋ ክፈዪ። የእህትሽ ጫማ ቁጥር 38 ነው።

አባትሽ