የስኳር መከላከያ ትምህርቱ ለኮሌስትሮልም ይጠቅማል፤ ወደ አዳራሾቻችን ይግባ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዚህ አካባቢ ሐበሻ ሰብሰብ ሲል ጨዋታው ዞሮ ዞሮ በሽታ ላይ ያርፋል። አንዱ "ስኳርህ ድንበር ላይ ነው ተባልኩ" ይላል፣ ሌላው የኮሌስትሮል ኪኒን ጀመርኩ ይላል። ሁለቱን የማይገናኙ ችግሮች አድርገን ነው የምናወራው። ግን ይገናኛሉ፣ በጣም ይገናኛሉ፤ ይህን የምጽፈውም የቤተክርስቲያንና የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ የዕድርና የማኅበር ሰብሳቢዎች እንዲያነቡልኝ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ስኳራቸው ድንበር ላይ ለደረሰ ሰዎች የተዘጋጀ የአንድ ዓመት የቡድን ትምህርት አለ። መነሻው 3,234 ሰዎች የተሳተፉበትና እንደ ፈረንጆቹ በ2002 ውጤቱ የወጣ ጥናት ነው። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች፣ መድኃኒትነት የሌለው ኪኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት ላይ የቀነሰው 31 በመቶ ነው። 60 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ይበልጥ ተጠቀሙ፣ 71 በመቶ።

ይሄኛው ብዙ ይወራለታል። ደም ውስጥ ባለው ቅባት ላይ የታየው ግን ብዙም አይነገርም። በዚያው ጥናት አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን ያስተካከሉት ሰዎች ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ወረደ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ኤችዲኤል ከፍ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ የቅባት መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከሌሎቹ ቡድኖች በ25 በመቶ ያነሱ ነበሩ። መጥፎው የሚባለው ኤልዲኤል ጠቅላላ መጠኑ በቡድኖቹ መካከል ብዙ አልተለያየም፣ ስለዚህ ሐኪም ኪኒን ያዘዘለት ሰው ትምህርት ጀመርኩ ብሎ በራሱ እንዳያቆም አደራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል ጉበት ቅባት እያመረተ ወደ ደም ይለቃል። ትንሽ ክብደት ሲቀንስ መጀመሪያ ከሚቀልላቸው አንዱ ይሄው ጉበት ነው። ስኳሩም ቅባቱም አብረው የሚሻሻሉት ለዚህ ነው።

"ይሄ ትልልቅ ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ ሰፈር ላይ አይሠራም" የሚል ይኖራል። ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ተሞክሯል። ትምህርቱ ከክሊኒክ ወጥቶ ዋይኤምሲኤ የሚባለው የሰፈር ስፖርትና መሰብሰቢያ ማዕከል ገባ፣ ያስተማሩትም ሥልጠና የወሰዱ የማዕከሉ ሠራተኞች ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 በወጣው ውጤት መሠረት ቡድን ውስጥ የገቡት ሰዎች በጥቂት ወራት ከክብደታቸው 6 በመቶ ያህል ቀነሱ፣ አጭር ምክር ብቻ የተሰጣቸው 2 በመቶ። ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ደግሞ፣ እዚህ ሐኪም በሚነግረን ቁጥር፣ በአማካይ 22 ያህል ወረደ፤ የሌሎቹ ጭራሽ በ6 ጨመረ። ተሳታፊዎቹ 92 ብቻ ስለሆኑ ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን የሰፈር አዳራሽ ውስጥም እንደሚሆን አሳይቷል።

ታዲያ እኛ የት ነን? አንዲት እናትን እንዲህ ዓይነት ትምህርት ላይ ለማስተርጎም አብሬያቸው ገብቼ ነበር። በየቀኑ የበሉትን የሚጽፉበት ደብተር ተሰጥቷቸዋል። ዳቦው በቁራጭ፣ ሲሪያሉ በኩባያ ይቆጠራል። እሳቸው "እንጀራ አንድ፣ ሽሮ" ብለው በአማርኛ ጽፈው መጡ። አሠልጣኟ ደግ ሴት ናት፣ ግን እንጀራው የሰሃን ያህል ይሁን የመሶብ፣ ጤፍ ብቻ ይሁን ስንዴና ሩዝ የገባበት፣ ሽሮው ውስጥ ስንት ማንኪያ ዘይት እንዳለ ከየት ታውቀዋለች? "ግሩም ነው" ብላ ገጹን ገለበጠችው። እትዬም ከዚያ በኋላ ቀሩ። በጣም ነው የቆጨኝ፣ ምክንያቱም ያን ገጽ አንዲት ሐበሻ አሠልጣኝ ብታየው የአንድ ሰዓት ትምህርት ይወጣው ነበር።

ለምሳሌ የነጠረ ቅቤን እንይ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ውስጥ 8 ግራም ያህል መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚጨምር የሚረጋ ስብ አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የሚመክረው ከ13 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ ነው። ሁለት ማንኪያ ከገባ የቀኑ አለቀ፣ ዶሮ ወጥ ደግሞ በሁለት ማንኪያ አይሠራም።

ጾሙም አለ። "እኔ ጿሚ ነኝ፣ ኮሌስትሮል አያሰጋኝም" የሚሉ ብዙ ናቸው። በግሪኳ የቀርጤስ ደሴት የኦርቶዶክስን ጾም የሚጾሙ ሰዎች ሲመረመሩ ጾሙ መጨረሻ ላይ ኮሌስትሮላቸው ቀንሶ ተገኝቷል፣ ጾሙ ሲፈታ ተመልሶ ወጣ። ጾም ትልቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን በዘይት የተጠበሰ፣ ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ሁሉም ጾም ነው፣ ትራይግሊሰራይድን የሚሰቅለውም ይሄው ነው። ይህን ለምእመን ደፍሮ መናገር የሚችለው ከውስጥ ያለ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ይዞ ለሚውል ሹፌርም፣ ሌሊቱን አረጋውያን ስትንከባከብ ለምታድር እህትም 150 ደቂቃውን ከየት ቆርሰው እንደሚያገኙት የሚያውቅ ኑሯቸውን የሚያውቅ ነው።

እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን ሲመጡ ስኳር የሚባል በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም፣ ኑሮና ምግብ ሲለወጥ ቁጥሩ በፍጥነት አሻቀበ። እዚያ "ጤና ብሪዑት" የሚባል ድርጅት በማኅበረሰቡ ልጆች አማካይነት፣ በአማርኛ፣ ማዕዳቸውን ይዞ ያስተምራል። እኛም የምንጀምረው ከዜሮ አይደለም።

አሠልጣኝ ለመሆን ሐኪም ወይም ነርስ መሆን ግድ አይደለም፣ ሥልጠናውን መውሰድ ነው። ትምህርቱን ሲዲሲ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መከላከያ ተቋም፣ አዘጋጅቶታል፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ቢያንስ 16 ጊዜ መገናኘት፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ ድረስ ክትትል። እንደ ፈረንጆቹ ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ሜዲኬር፣ የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ይከፍላል፣ ወላጆቻችን ከኪሳቸው አያወጡም። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ክፍት ነው፣ ሰውም እዚያው ነው፣ ወንበሩም አለ። ከመካከላችን ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ ጡረታ የወጡ መምህራን ሞልተዋል።

ስለዚህ ኮሚቴዎቻችሁን ጠይቁልኝ፦ በመጪው ስብሰባ አጀንዳ ያዙት፣ በየአጥቢያው ሁለት ሰው ለሥልጠና ላኩ። እያንዳንዳችንም ሐኪም ጋ ስንሄድ ኤዋንሲ የሚባለውን የወራት አማካይ ስኳር የሚያሳይ ምርመራና የደም ቅባት ምርመራ በአንድ ላይ እንጠይቅ። ኤዋንሲው ከ5.7 እስከ 6.4 ከሆነ "የስኳር መከላከያ ትምህርት ላኩኝ" ማለት ነው፣ በአማርኛ አለ ወይ ብሎም መጠየቅ፤ ጠያቂ ሲበዛ ነው የሚመጣው።

አክባሪያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ