ለስደተኛ ሕሙማን ማረፊያ ቤት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ከከተማችን ርቃችሁ የምትኖሩ ወገኖቻችን፤

በጋምቤላ ከሚገኙ መጠለያ ጣቢያዎች በጎሬ፣ በመቱና በበደሌ አቋርጠው ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ጅማ ከሚመጡ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መካከል፣ ደማቸው ተመርምሮና ራጅ ተነሥተው ምንም ያልተገኘባቸው፣ ሆኖም እግራቸው አልታዘዝ የሚላቸው ወይም ራሳቸውን እየሳቱ የሚወድቁ አሉ። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ያስጠጋናት አንዲት እናት «ምንም የለብሽም» ተብላ ስትሸኝ፣ ውሸታም እንደተባለች ቆጥራ አለቀሰች። በጦርነቱ ሁለት ልጆቿን እንዳጣች የጠየቃት አልነበረም፤ ቢጠይቃትም ኑዌርኛ የሚያስተረጉምላት ሰው አልነበረም።

ይህ ማስመሰል አይደለም። የአካል ምርመራው መቅደሙ ግድ ነው፤ ነገር ግን በምርመራ የሚታይ ጉዳት ሳይኖር አንጎል በሰውነት ላይ ያለው ሥልጣን ሊታወክ እንደሚችል ሕክምናው ያውቀዋል። በስዊድን ጥገኝነት ከጠየቁ ቤተሰቦች ልጆች መካከል ለወራት ሳይናገሩ፣ በቱቦ እየተመገቡ አልጋ ላይ የቀሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2014 ሕመሙን በራሱ መለያ መዝግቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገመተው፣ ባለፉት 10 ዓመታት ግጭት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ 5 ሰዎች አንዱ ገደማ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት።

ይኸው ድርጅት ለጭንቀትና ለሐዘን ያዘጋጀው የምክር እርዳታ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ5 ሳምንታት የሚሰጥ ሲሆን፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም ያልሆነ ሰውም ሠልጥኖ በባለሙያ ክትትል ሊሰጠው ይችላል። ማደሪያ የሌላት ታማሚ ግን ጅማ ውስጥ እንኳን 5 ሳምንት 5 ቀን መሰንበት አትችልም።

ስለዚህ የሰፈራችን እድሮች ተስማምተን፣ ለሕሙማንና ለአስታማሚዎቻቸው የሚሆን ባለ 4 ክፍል ቤት ለአንድ ዓመት ልንከራይ ተነሥተናል። የጎደለን የኪራዩ ገንዘብ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የወጥ ቤት ዕቃና የአስተርጓሚዎች አበል ነው። አበሉን ትርፍ ወጪ አድርጎ የሚያይ ቢኖር እንዲያስብበት እንለምናለን፤ እስካሁን የሚያስተረጉሙት የሕሙማኑ ልጆች ናቸው፤ እናት ያየችውን ግፍ በልጇ አፍ ልትናገረው አትችልም።

ገንዘብ የምትሰጡ በማኅተም የተረጋገጠ ደረሰኝ ከእድራችሁ ገንዘብ ያዥ ትቀበላላችሁ፤ ዕቃ ያላችሁም ለእድራችሁ ዳኛ ብታሳውቁ መጥተን እንወስዳለን። ኑዌርኛ ወይም አኙዋኛ የምትናገሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ከሁሉ አስቀድመን የምንፈልገው እናንተን ነው።